ቁጥር የተመታበት ቁልፍ

ደርግ ሊወድቅ ጥቂት ዓመታት ሲቀሩት እኔ የማይታይ ነገር እሸጥ ነበር። ጎረቤት ሲጠይቃት እናቴ «ቦሌ መንገድ ላይ ቢሮ ትሠራለች» ትልና ወሬ ታስለውጣለች። ምን እንደምሸጥ ልታስረዳቸው አንድ ሁለቴ ሞክራ ከአፏ ሳይወጣላት ቀርቷል፤ አልፈርድባትም። ቲማቲም የሚሸጥ ሰው ቲማቲሙን ያሳያል። እኔ የማሳየው ፕሮፎርማ ነበር።

ቢሮው የውጭ ኩባንያዎች ወኪል ነው። አለቃዬ ከንጉሡ ዘመን ጀምሮ ማሽን ያስመጡ የነበሩ፣ በአብዮቱ ሱቅና መጋዘናቸው ተወርሶ አንድ ክፍል፣ አንድ ቴሌክስና አንድ የንግድ ፈቃድ የቀራቸው ሽማግሌ ነበሩ። ያን ጊዜ ለአንድ ሰው ከአንድ ፈቃድ በላይ አይሰጥም። እሳቸውም ያችኑ አንዷን በመስታወት አስገብተው ከወንበራቸው በላይ ሰቅለዋታል። «ላይሰንስ ማለት ምን እንደሆነ ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም» ይሉኛል ወደ ላይ እያዩ፤ «በእጅሽ ይዘሽው የአንቺ ያልሆነ ነገር ማለት ነው።»

የምሸጠው ነገር የኮምፒውተር ፕሮግራም ነው፤ ካም ይሉታል። ብረት ለሚቆርጡ ወርክሾፖች የተሠራ ነው። የሚፈለገው ዕቃ ኮምፒውተሩ ላይ ይሳላል፤ ፕሮግራሙ ደግሞ መቁረጫው በየት ገብቶ በየት እንደሚወጣ አስልቶ ለፍሬዛ ማሽኑ ይነግረዋል። ባለሙያ ቀናት የሚለፋበትን ጠማማ ቅርፅ ማሽኑ ራሱ ይጨርሰዋል። ይህ ሁሉ ጉድ የሚመጣው በጥቂት ዲስኬቶች ነበር። ዲስኬት ግን ይገለበጣል፤ አንዱን ገዝቶ አሥር ማድረግ ይቻላል። ኩባንያው ይህን ስለሚያውቅ ከዲስኬቶቹ ጋር የክብሪት ሳጥን የምታህል ግራጫ ፕላስቲክ ይልካል፤ ከኮምፒውተሩ ጀርባ ትሰካለች። እሷ ከሌለች ፕሮግራሙ አይነሳም። ቁልፍ ነበር የምንላት።

እንግዲህ ዋጋው ያለው ዲስኬቱ ላይ ሳይሆን ቁልፏ ላይ ነው። ውሉ እንዲህ ይል ነበር፦ ቁልፍ ከጠፋ ፕሮግራሙ እንደ አዲስ በሙሉ ዋጋ ይገዛል፤ ጠፋብኝ ብሎ ሁለተኛ የሚወስድ ሰው በአንድ ዋጋ ሁለት ማሽን ሊያሠራ ይችላላ። ከተበላሸች ደግሞ ስብርባሪዋ ሲመለስ በነፃ ትተካለች። ሆን ተብሎ ተከፍታ ከተገኘች ግን ሊገለብጧት ነው ማለት ነውና ውሉ ይፈርሳል። ይህን ለደንበኛ ሁሉ ስለፈልፍ ኖሬ ዛሬም እንቅልፌ ውስጥ ብትጠይቁኝ አልስተውም።

ከደንበኞቻችን አንዱ ከመገናኛ አለፍ ብሎ በሲኤምሲ አቅጣጫ፣ ያኔ ገና ሜዳ ከነበረው ቦታ ላይ ያለ የመንግሥት የመለዋወጫ ማምረቻ ነበር። ከውጭ አልገባ ያለውን የአውቶቡስና የወፍጮ ዕቃ እዚያው ይቀርጹታል። ፕሮግራሙን ለመግዛት የውጭ ምንዛሪ ከመጠየቃቸው እስኪፈቀድላቸው ድረስ ያለውን ጊዜ አልናገርም፤ ልጅ ተወልዶ ዳዴ ይላል። በመጨረሻ መጣላቸውና ዲስኬቱንም ቁልፉንም ይዤ ሄድኩ። ቀኑ የውይይት ክበብ የሚሰበሰቡበት ሆኖ ስላገኘሁት ላይሰንስ የሚባለውን ነገር ለሠራተኛው ሁሉ እንዳስረዳ ተጠየቅኩ።

አስረዳሁ። አንድ ቀጭን ረጅም ሰው ከኋላ ተነሡ። ካኪ ካፖርታቸው እስከ አንገታቸው ተቆልፏል፤ የዕቃ ግምጃ ቤቱ ኃላፊ ናቸው፤ ሁሉም ጋሼ ይሏቸዋል።

«ይቅርታ ልጄ» አሉ። «ይሄን ነገር ገዝተነዋል ወይስ አልገዛነውም?»

«የመጠቀም ፈቃድ ነው የገዛችሁት፣ ጋሼ። ፕሮግራሙ የኩባንያው ነው።»

«ያን ሁሉ የውጭ ምንዛሪ ለፈቃድ ከፈልን?»

ሥራ አስኪያጁ ጣራ ጣራውን ማየት ጀመረ። ውይይቱን የሚመራው ካድሬ «ይህ እንግዲህ የኢምፔሪያሊስቶች…» ብሎ ጀመረና ግዢውን የፈቀደው የበላይ አካል መሆኑ ትዝ ብሎት ነው መሰለኝ ነገሩን ወደ ሳል ለወጠው።

«ቁልፏስ የማን ናት?» አሉ ጋሼ።

«እሷ የእናንተው ናት።»

«እንግዲያው ንብረት ናት» አሉና ተቀመጡ። ፊታቸው ላይ እፎይታ አየሁ። እኔም ዕቃዬን ሰብስቤ ወጣሁ።

እዚያ ግቢ ንብረት የሆነ ነገር ሁሉ ቁጥር ይመታበታል። ጋሼ ቁጥር የተቀረጸባቸው ትናንሽ የብረት መምቻዎች አሏቸው፤ መምቻውን ዕቃው ላይ ያቆሙና በመዶሻ ኳ ያደርጉታል። ሞርሳው፣ ሞረዱ፣ ወንበሩ፣ የመጥረጊያው እጀታ ሳይቀር ቁጥር አለው። «ያልተመታባት የግቢው ድመት ብቻ ናት፤ እሷም ጋሼን ስታይ ትሮጣለች» እያሉ ይቀልዱባቸዋል። ቀልዱ እንዳለ ሆኖ ሰውዬው ምክንያት ነበራቸው። ከእሳቸው በፊት የነበረው ኃላፊ የጠፋበት ሞተር በሌላ መሥሪያ ቤት ተገኝቶ፣ የእኛ ነው ሲል ቁጥሩን አሳይ ተብሎ፣ ቁጥር አልነበረውምና ታስሯል። ጋሼ ሥራውን የተረከቡት ከእስረኛ እጅ ነው። ቀለም ይለቃል፣ ወረቀት ይቀደዳል፤ በብረት የተመታ ቁጥር ግን አይክድም፤ እንዲህ ነበር እምነታቸው።

ክረምቱ ሲገባ ሥራ አስኪያጁ ሳይደውል ቢሮአችን መጣ። ከሶሻሊስት አገር ተምሮ የተመለሰ፣ ከዕድሜው በላይ ፊቱ የተጨማደደ ሰው ነበር። ሻይ አስመጣሁለት፤ አልነካውም።

«ቁልፏ ጠፍታለች» አለኝ። «ለአዲስ ቁልፍ ፕሮፎርማ ስጪኝ።»

ስለ ጠፋ ቁልፍ ያለውን ነገርኩት። ዋጋው የቁልፍ ሳይሆን የሙሉ ፕሮግራሙ እንደሆነ ሲገባው ሁለት እጁን ጉልበቱ ላይ አደረገ።

«ማሽኑ ቆሟል» አለ። «የዲሲፕሊን ኮሚቴው ተሰብስቧል። ዕቃዋ በጋሼ ስም ናት የወጣችው። የውጭ ምንዛሪ እንደገና የሚያስወጣ ከሆነ ጉዳዩ ከእኛ እጅ ይወጣል። የኢኮኖሚ አሻጥር ነው የሚሉት።»

ያን ዘመን የኖረ ሰው ይህን ማብራራት አያስፈልገውም። ፋይል ወደ ላይ ከወጣ ሰው ወደ ታች ይወርዳል።

«ተሰብራ ቢሆን ኖሮ በነፃ ትተካ ነበር» አልኩ፤ ለማጽናናት ይሁን ለማማረር እንጃ።

«አልተሰበረችማ» ብሎ ተነሣ። «ጠፋች ነው የሚሉት።»

እሱ ከሄደ በኋላ ሥራ አልያዝ አለኝ። መጥረጊያ ላይ ቁጥር የሚመታ ሰው ዕቃ ጠፋበት ሲሉኝ፣ ቄሱ መስቀሉን ረስቶ ቅዳሴ ገባ እንዳሉኝ ያህል ነው። አላምንም። አለቃዬን አስፈቀድኩና በማግስቱ ከሰፈሬ ከሃያ ሁለት አውቶቡስ ይዤ፣ ከመገናኛ ወዲያ ጭቃውን እየዘለልኩ ሄድኩ።

ጋሼ ከሽቦ አጥሩ ጀርባ፣ ግምጃ ቤታቸው ውስጥ ተቀምጠዋል። በቀናት ውስጥ ጉንጫቸው ገብቷል። እግዜር ይስጥልኝ እያሉ ወንበር ጠርገው አስቀመጡኝ። የውሉን ነገር በዝግታ ነገርኳቸው፤ የጠፋው ይገዛል፣ የተሰበረው ይተካል አልኳቸው። የካፖርታቸውን የላይኛውን ቁልፍ ፈትተው እንደገና ቆለፉት።

«ልጄ፣ እኔ ጠፋች አላልኩም» አሉ። «ልጆቹ ናቸው ያሉት። እኔ ዝም አልኩ።»

ከዚያ ነገሩኝ። ቁልፏ የእናንተ ናት ከተባሉ ጀምሮ ያለ ቁጥር መዋሏ እንቅልፍ ነስቷቸዋል። የኦዲት ሰዎች ሊመጡ ነው ሲባል ቆረጡ። ካላቸው ሁሉ ትንንሾቹን መምቻዎች መረጡ። የታጠፈ ጨርቅ አነጠፉላት። የመጀመሪያው ቁጥር ቅቤ ላይ እንደሚታተም ሆኖ ገባ። ሁለተኛውም፣ ሦስተኛውም። የመጨረሻው ላይ መዶሻው ሲያርፍ ፕላስቲኩ እንደ ኦቾሎኒ ለሁለት ተከፈተ፤ ውስጧ ያለችው ቀጭን ሰሌዳም አብራ ተሰነጠቀች።

«ብረት እንጂ ሌላ ነገር መትቼ አላውቅም» አሉ። ዐይናቸው እንባ ሞላ፤ እኔም ወደ መደርደሪያው ዞርኩ።

የጋሼን ጩኸት ሰምቶ የመጣው የፍሬዛው ባለሙያ ነበር፤ እንደ እኔው የሃያ ሁለት ሰፈር ልጅ፣ አፉ የማያርፍ አራዳ። ስብርባሪውን አይቶ ነገሩ ምን እንደሚባል ወዲያው ገባው። ሆን ብሎ በመዶሻ የመንግሥት ንብረት የሰበረ ሰው ምን እንደሚደርስበት ማን ያጣዋል? ስብርባሪውን ከጋሼ እጅ ነጥቆ ሄደ። የቶርኖ ቤቱ ሠራተኛ ሁሉ በአንድ ቃል ጠፋች አለ። መጥፋት የሁሉም ጥፋት ነው፣ መስበር የአንድ ሰው ነው ብለው ነበር ያሰቡት። ዋጋው ተገልብጦ የተጻፈበት ውል እንዳለ ማን ይንገራቸው!

ባለሙያው ተጠራ። እኔን ሲያይ ደረቱን ነፋ።

«ፋዘርን አሳልፈን አንሰጥም፤ አትልፊ» አለኝ፤ ጋሼን ፋዘር ነው የሚላቸው።

«ማን ስጡ አለህ? ስብርባሪው የት ነው?»

«ለምን ፈለግሽው?»

«ከተገኘ ጋሼ ይተርፋሉ። ካልተገኘ አይተርፉም።»

ፊቱ ተለወጠ። ስብርባሪውን የወረወረው ከግቢው ጀርባ ያለው የብረት ፍቅፋቂ ክምር ውስጥ ነው፤ ከቶርኖና ከፍሬዛ የሚወጣው እየተጠማዘዘ የሚከመርበት። ያን ክምር የሚያነሣ መኪና ደግሞ በማግስቱ ሊመጣ ነው። ማሽኖቹ አንድ ባንድ ዝም አሉ። ዝናቡ ያካፋል። ያ ሁሉ ሰው ጓንት ያለው በጓንት፣ የሌለው በጨርቅ እጁን ጠቅልሎ ክምሩን ያገላብጥ ጀመር። የብረት ፍቅፋቂ ምላጭ ነው፤ እየደሙ እርስ በርስ ይሰዳደባሉ። ጋሼ ሊያግዙ ሲሉ ገፍተው አስቀመጧቸው። አንዱ «ጋሼ፣ የፍቅፋቂው ቁጥር ስንት ነበር?» ቢል በዚያ ሐዘን መሃል ሳቅ ሆነ።

የጣለው ራሱ አገኘው። ሁለት ግማሽ ፕላስቲክ፣ አንድ የተሰነጠቀ ሰሌዳ፣ ዘይት በዘይት ሆኖ። ሁላችንም እፎይ ስንል እሱ ወደ ውስጥ ሮጠ። ተከትዬው ስገባ ቁጥሩ ያለበትን ግማሽ ሞርሳ ላይ አስሮ ሞረድ አንሥቷል።

«ምን ልታደርግ ነው?»

«ቁጥሩን ላጥፋዋ። ከጠረጴዛ ወደቀች እንላለን።»

«ተው!» ብዬ ጮህኩ፤ ድምፄን ራሴም አላወቅኩትም። ከጠረጴዛ የወደቀች ቁልፍ እንዲህ ለሁለት አትከፈትም። ኩባንያው ያቺን ቁልፍ ሲያይ የሚያስበው አንድ ነገር ነው፤ ኮፒ ሊያደርጓት ከፈቷት። ውሉ ይፈርሳል፣ ሁሉም ነገር ከመጥፋቷ የባሰ ይሆናል። የሚያድናቸው ያ ቁጥር ብቻ ነው። እንዲህ እያልኩ በአንድ ትንፋሽ ለፈለፍኩበት።

«በመዶሻ መታን ብለን ራሳችን እንጻፍ?» አለ። «እንዲህ ያለውን ነገር ፈረንጅ ያምናል?»

የመለሱለት ጋሼ ናቸው፤ በሩ ላይ ቆመው ኖሯል።

«ሞረዱን አስቀምጥ፣ ልጄ» አሉት። «የመታሁት እኔ ነኝ። እንደሆነው ይጻፍ።»

አስቀመጠ። ሥራ አስኪያጁ ተጠርቶ ሁሉንም ሰማ። ፈርቷል፤ የሆነው ሁሉ የተጻፈበትን ወረቀት ሁለቴ አነበበው። በዚያ ዘመን እንዲህ ባለ ወረቀት ላይ ስም ማኖር ምን ማለት እንደሆነ የሚያውቅ ሰው ግን ይህን አይረሳለትም፤ ፈረመ። ኮሚቴውም ቁልፏ በነፃ ከተተካች ነገሩ እዚያው እንዲያልቅ፣ ካልተተካች ፋይሉ ወደ ላይ እንዲሄድ ወስኖ ተነሣ። የግምጃ ቤቱ ቁልፎች እስከዚያው ለሌላ ሰው ተሰጡ።

ለኩባንያው የሚሄደውን ደብዳቤ እኔ ጻፍኩት። በአገራችን ንብረት ላይ ቁጥር እንደሚመታ፣ ለምን እንደሚመታ፣ በመዶሻ መሆኑን፣ መምቻው ትንሹ እንደነበር፣ ጨርቅ እንደተነጠፈላት ሳይቀር ጻፍኩ። አለቃዬ ሲያነቡት በሳቅ መነጽራቸው ወደቀ። ከዚያ ሳቁ አለቀ፤ መነጽራቸውን አነሡ። የራሳቸውን ብዕር አወጡና ከታች አንድ መስመር ጨመሩበት፦ ሊሰርቅ የከፈታት ሰው የመንግሥት ቁጥር አይመታባትም። ደብዳቤውና ስብርባሪው ያለበትን ጥቅል ለፖስታ ቤት ልጅ ሳያምኑ፣ በዚያ ዕድሜያቸው፣ ቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ድረስ ራሳቸው ይዘው ሄዱ።

ከዚያ መጠበቅ ሆነ። ቴሌክሳችን አንድ ቀን ጥቅሉ እንደደረሰ፣ ቁልፏም እየተመረመረች እንደሆነ ነገረን፤ ከዚያ ጭጭ። በየምክንያቱ ወደ ማምረቻው ብቅ እል ነበር። ጋሼ ከበሩ አጠገብ ካለ አግዳሚ ላይ ካፖርታቸውን ቆልፈው ተቀምጠው አገኛቸዋለሁ። ሰላምታ ይሰጡኛል፣ እናቴን ይጠይቁኛል፣ አንድም ቀን መጣ ወይ ብለውኝ አያውቁም። ያ አለመጠየቃቸው ነበር የሚያንገበግበኝ። ሠራተኞቹ በየተራ ከሻያቸው ያካፍሏቸዋል፤ ያ አራዳ ደግሞ በምሳ ሰዓት አጠገባቸው ተቀምጦ እስኪስቁ ድረስ ይለፈልፋል። ጠዋት ጠዋት ሚስታቸው ወፍራም ሹራብና ጋቢ ጠቅልለው እንደሚሰጧቸው ሰማሁ፤ ዛሬ ከሥራ ቢወስዷቸው እስር ቤት እንዳይበርዳቸው።

ጥቅሉ የመጣው መስቀል ካለፈ በኋላ ነው። ደንቡ ገቢ የሚሆን ዕቃ ኮሚቴው ፊት እንዲከፈት ስለሚያዝ ሳልነካው ይዤው ሄድኩ፤ አውቶቡሱ ውስጥ ጭኔ ላይ በሁለት እጄ ይዤው እንደነበር ትዝ ይለኛል። ግምጃ ቤቱ በር ላይ ቶርኖ ቤቱ በሙሉ ተሰበሰበ። ጋሼን ከአግዳሚው አስነሥተው አመጧቸው። ሥራ አስኪያጁ ከፈተው።

ከላይ አጭር ደብዳቤ ነበር። ጮክ ብዬ ተረጎምኩት። ቁልፏ በነፃ ተተክታለች፤ ውሉ እንደጸና ነው፤ ቁጥር ማድረግ ግድ ከሆነ ግን እባካችሁ በመዶሻ አይሁን። ሥራ አስኪያጁ «በቃ፣ ፋይሉ ይዘጋል» አለ። ሰዉ ጮኸ። አንዱ ጋሼን አቅፎ ከመሬት አነሣቸው።

የግምጃ ቤቱ ቁልፎች እጃቸው ገቡ። ጋሼ ግን ዐይናቸው ከአዲሷ ቁልፍ አልተነሣም። አነሡና ገለበጧት። ሆዷ ላይ ነጭ ወረቀት ተለጥፏል፤ በወረቀቱ ላይ ቁጥር ታትሟል። የእኛ ቁጥር ነው። እዚያ ማዶ ያለ የማናውቀው ሰው ከስብርባሪው ላይ የጋሼን ምት አንብቦ፣ እንደገና መዶሻ እንዳያነሡ አስቦ፣ አትሞ ልኮላቸዋል። ሦስቱን ብቻ። አራተኛው ሲመታ ስለተሰነጠቀች ምን እንደነበር ሊያነብ አልቻለም፤ ቦታውን ባዶ ትቶለታል።

«አንድ ይጎድላል» አሉ ጋሼ በቀስታ።

«መዶሻ ላምጣ፣ ፋዘር?» አለ ያ አራዳ፤ ሁሉም ሳቀ። ጋሼ አልሳቁም። እስክሪብቶ እንድሰጣቸው እጃቸውን ዘረጉልኝ። ጫፉን ወረቀቱ ላይ ሊያሳርፉ ሲሉ አነሡት፤ እንደገና አስጠጉት፣ እንደገና አነሡት። እስክሪብቶዬን መለሱልኝ፤ ቁልፏንም ሰጡኝ።

«አንቺ ጻፊልኝ፣ ልጄ» አሉኝ። «እኔ እንደገና እሰብራታለሁ።»

«ስንት ነበር፣ ጋሼ?»

«ሰባት» አሉ።

ሰባት ብዬ ጻፍኩ።